ፓሻ ገና ተኝቷል

ጃንዋሪ 12፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዛሁት የልቤን ልጽፍበት አይደለም። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ስታይኮቫ «በየሳምንቱ ይመዝኑትና ይጻፉት፤ በቃል የተያዘ ይጠፋል» ስላለችኝ ነው። ይኸው ጻፍኩ። ፓሻ ዛሬ 408 ግራም። ኖቬምበር ላይ ሲተኛ 420 ነበር።

ፓሻ እንሽላሊት ነው። ከነጭራው ክንዴን ያህላል፤ አገጩ ሥር እሾህ እሾህ የሚል ጺም አለው፣ ሲቆጣ ያጠቁረዋል። የልጄ የካሊና ነው። ሥራ ፍለጋ ውጭ አገር፣ ላይፕዚግ ስትሄድ የተከራየችበት ቤት እንስሳ አይፈቅድም ተባለና እኔና እናቷ ጋ ቀረ። አሁን እኔ ጋ። ብርድ ሲገባ ምግብ ይተውና ይተኛል። ያኔ በእንጨት ሣጥኑ አድርጌ ምድር ቤት አወርደዋለሁ፣ ለክረምት ጎመን በጨው ከምንዘፈዝፍበት በርሜል አጠገብ። እዚያ ብርዱ ልኩን ይዞ ይቆያል።

በአዲስ ዓመት ካሊና ደውላ «አዲሱ ቤቴ እንስሳ ይፈቅዳል። ለፋሲካ መጥቼ እወስደዋለሁ። ግን ነቅቶ፣ በልቶ፣ በርትቶ ይጠብቀኝ፤ ተኝቶ መንገድ አይችልም» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «ከዚያ በኋላ አላስቸግርህም፣ አባዬ» አለች።

አላስቸግርህም! ማን ተቸገርኩ አላት?

ጃንዋሪ 26፣ እሑድ

402። ካሊና እንደ ወትሮዋ በእሑድ ደወለች።

«ፓሻ እንዴት ነው?»

«ተኝቷል።»

«ስንት መዘነ?»

ነገርኳት።

«ጎሽ። በል ደህና ሁን።»

ስለ ጉልበቴ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሳሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ወሬያችን ይቺው ናት። ፓሻ ባይኖር ምን ብለን እንደምንጀምር እንጃ።

ፌብሩዋሪ 9፣ እሑድ

396። ዶክተሯም ካሊናም ቃላቸው አንድ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ይነቃ።

«ወደ ቤት አውጣው፣ አባዬ። የመጀመሪያ ቀን መብራቱን ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምር። ለብ ባለ ውሃ እጠበው። መጀመሪያ ይጠጣ፣ ምግብ ኋላ ነው። ሰውነቱ ሳይሞቅ ከበላ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስበታል።»

«አውቃለሁ እኮ! ስንቴ አንቅቼዋለሁ!»

«እማዬ ናት ያነቃችው። አንተ መቼ!»

እውነቷን ነው። ሚስቴ ፔንካ ነበረች በመዳፏ ይዛ ውሃ የምታጠጣው። እኔ ሣጥን ተሸካሚ ነበርኩ። እሷ ከሞተች ወዲህም ካሊና በስልክ ላይ ሆና «አሁን እንዲህ አድርግ፣ አሁን እንዲያ» እያለች ነው ያነቃነው። ለነገሩ እነዚያን ቀናት ሳስባቸው ጥሩ ነበሩ። በቀን ሦስቴ ትደውል ነበር።

እሺ አልኳት። ነገ።

ፌብሩዋሪ 10

በረዶ። ደረጃው ያንሸራትታል። ሣጥን ይዤ ብወድቅስ? ነገ።

ፌብሩዋሪ 13

አዲሱ መብራት ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዛሬም አልወረድኩም። ጉልበቴ።

ፌብሩዋሪ 16፣ እሑድ

390።

«ጀመርክ?» አለችኝ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ «መሬት ለመሬት የሚሄድ ሁሉ በብሥራት ዕለት ራሱ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ያወጣው ሰው ቤቱ አይቀናውም» ትል ነበር። አገሩ ሁሉ እንዲያ ይላል። ለካሊና ይህንኑ ነገርኳት። እስከ ብሥራት፣ እስከ ማርች 25፣ እንጠብቅ አልኳት።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ዘሩ ከአውስትራሊያ ነው! ስለ ብሥራት ምን ያውቃል?»

«እዚህ ቪዲን ከተማ ውስጥ ስምንት ዓመት ኖሯል። ያውቃል እንጂ።»

«አትቀልድ። ዶክተሯን ጠይቃት።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«ለፋሲካ እንዲደርስልኝ ብቻ» ብላ ዘጋች። ይደርሳል። ከብሥራት እስከ ፋሲካ ሃያ ስድስት ቀን አለ፣ ቆጥሬዋለሁ። ወስዳው ከሄደች በኋላ ያለውን ግን አልቆጠርኩም።

ፌብሩዋሪ 20

ዶክተር ስታይኮቫ ደወለች። «መብራቱን ጀመሩ አይደል፣ አባባ ጌንቾ?» «ጀምሬአለሁ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እኔም ገርሞኛል።

ፌብሩዋሪ 22

የሙታን ቅዳሜ። የተቀቀለ ስንዴና ወይን ይዤ ፔንካ መቃብር ሄድኩ። የሰው ሁሉ መቃብር ልጅና የልጅ ልጅ ከቦታል፣ እኔ ብቻዬን። ሻማ ረስቼ ሄጃለሁ፤ ከጎረቤት መቃብር ለመንኩ። ስመለስ እትዬ ቶትካ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ደረጃ ላይ ለአንዲት ሴትዮ ስታወራ ደረስኩባት። «ለእንሽላሊት መብራት ገዝቷል፣ ለሚስቱ ግን ሻማ የለውም» ትላለች። ስታየኝ «እንዴት ዋልክ፣ ጌንቾ?» አለች ምንም እንዳልተባለ። «ሻማ ልመና ላይ ዋልኩ» አልኳትና አለፍኩ።

ካሊና ለቀብሩ አልደረሰችም። አንድ ቀን ዘግይታ መጣች። መቃብሩ ላይ ቆመን አንድ ቃል ተናገርኳት። አንድ ቃል ብቻ ነው።

ማርች 1

በማርች መባቻ የሚታሰረውን ቀይና ነጭ ክር ሰው ሁሉ አስሯል። እትዬ ቶትካ በሬን አንኳኩታ ለእኔም አመጣችልኝ፤ ስለ ሻማው አፍራ ነው መሰለኝ። እጄ ላይ ራሷ አሰረችልኝና «ሽመላ እስክታይ እንዳትፈታው፣ ለጤናህ ነው» አለች። «ሌላ አለሽ?» አልኳት። «ለማን?» አለች። «ለፓሻ ሣጥን» አልኳት። ፔንካ በየዓመቱ የሣጥኑ እጀታ ላይ ታስርለት ነበር። ቶትካ ራሷን እየነቀነቀች ሰጠችኝ።

ምድር ቤት ወርጄ አሰርኩለት። ክዳኑን ግን አልከፈትኩም።

ማርች 2፣ እሑድ

379። ዶክተሯ «ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ከቀነሰ አንድ ቀን እንዳያድር፣ ይደውሉልኝ» ብላ ነበር። አንድ አሥረኛ ማለት 378 ነው። ይህ 379 ነው። 378 አይደለም።

ማርች 9፣ እሑድ

368። ሚዛኑ አሮጌ ነው፣ ፔንካ ማርማላታ ስትሠራ ስኳር የምትለካበት። ለካሊና 385 አልኳት።

«ጎበዝ ነው የኔ ፓሻ» አለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ወደብ ላይ ክሬን ነድቻለሁ። ሃያ ቶን ብረት ከመርከብ አንስቼ ሰው ራስ ላይ አሳልፌ እንቁላል እንደማስቀምጥ አስቀምጬዋለሁ። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ፍጥረት ሦስት ፎቅ ማውጣት ያቃተኝ ጉልበቴ ስላመመኝ ነው እንበል።

ማርች 16፣ እሑድ

357። ዓይኖቹ ገባ ገባ ብለዋል። ጎኑ ላይ ቆዳው ተሸብሽቧል። ነካሁት፣ እግሩን ትንሽ ሰበሰበ። በሕይወት አለ። ብሥራት ዘጠኝ ቀን ቀረው።

ዛሬ ካሊና ስትደውል ልነግራት ነበር። «ካሊና» አልኳት፣ «እ?» አለች፣ እንደ ሕፃንነቷ። «ብርዱ እዚህ በርትቷል» አልኳት። «እዚህም» አለች።

ያን ቃል ልጻፈው፣ ደብተሩን የሚያየው የለም። መቃብሩ ላይ፣ ከአውቶቡስ ወርዳ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ እያለቀሰች መጥታ ልታቅፈኝ ስትል «እንሽላሊቱ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ አጠገቧ ነበር» አልኳት። አውቶቡሱ ድንበር ላይ ስድስት ሰዓት ተይዞ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይቅርታ ልላት ነበር። ግን ቀድማ ስለ ፓሻ ጠየቀችኝ፣ እኔም ስለ ፓሻ መለስኩላት። እንደዚያው ቀረን።

ማርች 24

349። ነገ።

ማርች 25፣ ማክሰኞ፣ ብሥራት

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሣጥኑን አወጣሁት። አልከበደኝም። ጉልበቴም ምንም አላለኝም። መብራቱን አበራሁ፣ ከሥሩ አስተኛሁት።

ወዲያው ግቢው ውስጥ የድስት ጩኸት ተነሣ። እትዬ ቶትካና ሁለት ሴቶች በረንዳ ላይ ወጥተው ድስትና መጥበሻ በማንኪያ እየደበደቡ «ውጡ እባብ፣ ውጡ እንሽላሊት! ብሥራት መጣ፣ ሽሹ!» ይላሉ። እናቴም በዚህ ቀን ታደርገው ነበር፣ ቤት ውስጥ እንዳይገቡ። እኔ ደግሞ ከላይ አጎንብሼ «ተነሥ ፓሻ፣ በናትህ ተነሥ» እላለሁ። ብልጭ አለብኝ። መስኮት ከፍቼ «ዝም በሉ! እዚህ አንድ አለኝ፣ ውጣልኝ ብዬ እየለመንኩት ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

ሳቁ። ቶትካ «አንተንም አብረን እናባርርህ?» አለች። ከዚያ ፊቴን አየች መሰለኝ ድስቷን አወረደች።

ማርች 26

አልተንቀሳቀሰም። ለብ ያለ ውሃ። አልጠጣም።

ማርች 27

መብራት አራት ሰዓት። ምንም። እጄ ላይ ቀዝቃዛ ነው፣ ከመብራቱ ሥር አውጥቼው እንኳ።

ማርች 29

ዓይኑን ገለጠ! አንዱን፣ የግራውን። አየኝ። የውሃ ጠብታ ከንፈሩ ላይ አደረግሁለት፣ ምላሱን አወጣ፣ ላሰ። ሁለት ጊዜ! ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ጮኽኩ። ፔንካን ጠራሁ፤ ለካ የለችም።

ማርች 30፣ እሑድ

ለካሊና ነገርኳት። «አንድ ዓይኑን ገልጦ እንደ ፓሻነቱ አየኝ፣ ቡና አቅርብልኝ የሚል ነው የመሰለው» አልኳት። ሳቀች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትስቅ አልሰማሁም። እናቷን ነው የምትመስለው ስትስቅ።

«ቲኬት ቆርጫለሁ፣ አባዬ። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት እደርሳለሁ። ሰኞ ይዤው እመለሳለሁ።»

አራት ቀን። የፔንካን ትራስ ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ፣ ካሊና እንድትተኛበት።

ኤፕሪል 1

አፉ ዳር አረፋ አለ። ዓይኑን ከዚያ ወዲህ አልገለጠም።

ኤፕሪል 3

ደርቋል። እንሽላሊት ሲበርደው ይደርቃል። መብራቱን አስጠጋሁለት።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ዶክተሯ ጋ ይዤው ሄድኩ። ገልብጣ አየችው፣ ደረቱ ላይ አዳመጠች። ከዚያ በቀስታ ፎጣውን አለበሰችው።

«አባባ ጌንቾ፣ ይሄ ከሞተ ሁለት ቀን አልፎታል።»

«ተኝቶ ይሆናል።»

«አልተኛም።» ደብተሩን ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ እያወረደች ማርች 9 ላይ ቆመች። «ፌብሩዋሪ ላይ ጀምሬአለሁ አላሉኝም? ያኔ ለምን አልደወሉልኝም? ቀስ ብሎ ነው እኮ የሞተው፣ በጥምና በረሃብ።» ቁጥሩን አልፋ ጽሑፉን ልታነብ ስትል ደብተሩን ከእጇ ነጠቅኋት። ደነገጠች። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኋትም።

ስመለስ ወደብ አጠገብ አሮጌው ጭስ ማውጫ ላይ ሽመላ ቆሟል። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። አላየሁም።

ሣጥኑን መልሼ ምድር ቤት አወረድኩት። እዚያ ይቀዘቅዛል።

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

«ፓሻ እንዴት ነው?»

«መልሶ ተኛ።»

«ያደርገዋል አንዳንዴ» አለች።

ኤፕሪል 13፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ከቤተ ክርስቲያን የአኻያ ቅርንጫፍ ይዤ መጥቼ በሩ ላይ ሰካሁ። አልጋዋን አነጠፍኩ። ስልኩ ጮኸ።

«ፓሻ እንዴት ነው?»

«ገና ተኝቷል።»

ከጀርባዋ የትራም ድምፅ ይሰማል።

«ኤፕሪል 13 እኮ ነው፣ አባዬ።»

«ብርዱ ዘንድሮ ረዘመብን።»

«እዚያ ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው። አይቻለሁ።»

የአልጋዋን አንሶላ እንደገና በእጄ አስተካከልኩ።

«እንግዲያው ይተኛ» አለች በቀስታ፤ እያለቀሰች እንደሆነ ገብቶኛል። «አትቀስቅሰው፣ አባዬ። ይተኛ።» ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ሥራም በዝቶብኛል፣ ቲኬቱን እመልሰዋለሁ መሰለኝ» አለች።

«እሺ» አልኳት። እሺ!

ኤፕሪል 15

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። እንግዲህ ልጻፈው። ብሥራት አይደለም። በረዶም፣ ጉልበቴም አይደለም። ከነቃ ትወስደዋለች፣ ከወሰደችው ዳግም አትደውልም ብዬ ፈራሁ። ፌብሩዋሪ 10 ጠዋት መብራቱን ከካርቶኑ ልከፍት መቀስ ይዤ ነበር። መቀሱን መልሼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። በየእሑዱ ቁጥሩ ሲወርድ አይቻለሁ፣ በእጄ ጽፌዋለሁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ደረሰ። እሱ ግን ምን አደረገኝ? ስምንት ዓመት ከእጃችን እየበላ ያደገ ፍጡር፣ በጨለማ ከጎመን በርሜል ሥር እኔን ጠበቀ።

ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ

ከሕንጻው ጀርባ ከፕሪሙ ዛፍ ሥር ቆፍሬ ከነሣጥኑ ቀበርኩት። እትዬ ቶትካ በመስኮት አይታኝ ወረደች። ትቀልዳለች ብዬ ነበር። ከኪሷ ሻማ አወጣች፣ ሰው የሚቀበር ይመስል፣ አበራችና አፈሩ ላይ ተከለችው።

«ልጅቷ ትመጣለች?»

«አትመጣም።»

«ነገርካት ስለ እሱ?»

«ታውቃለች።»

«ነገርካት ወይ ነው ያልኩህ።»

የእጄን ክር በጥርሴ በጥሼ ቅርንጫፍ ላይ አሰርኩት። ዛፉ ሙሉ በሙሉ አብቧል።

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ትናንት አምስት እንቁላል ቀይ ቀባሁ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አንዱን በቀኜ አንዱን በግራዬ ይዤ አጋጨኋቸው። የቀኙ ሳይሰበር አሸነፈ። የግራውን ልጬ በላሁት።

ከዚያ ደወልኩ። እኔ ደወልኩ፣ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ቶሎ አነሣችው። «አባዬ ምን ሆንክ፣ አመመህ?» አለችኝ ደንግጣ።

«ክርስቶስ ተነሣ» አልኳት።

«በእውነት ተነሣ። ምን ሆነሃል?»

«ፓሻ ሞቷል። ኤፕሪል 3 ነው የሞተው። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ሆን ብዬ አቆየሁት።»

«አውቃለሁ» አለች። «መሞቱን አውቃለሁ።» ለምን እንዳቆየሁት አልጠየቀችም። ወይም ያንንም ታውቃለች።

«ቢሆንም ነይ» አልኳት።

ስትመልስልኝ ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። በእውነት ማወቅ የፈለገች ነው የምትመስለው።

«ለምን?» አለችኝ።

ዕድሜ ልኬን ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰውዬ፣ ለወደብ አለቃ፣ ለቶትካ፣ ለእናቷ። ስልኩን ይዤ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

«የፕሪሙ ዛፍ አብቧል» አልኳት።

«ደስ ይላል» አለች። «በል አባዬ፣ በርታ። ጉልበትህን ተጠንቀቅ።»

ዘጋች። ጉልበቴን ማን ነገራት?

ለእኔ ማለት ነበረብኝ። ለእኔ ነይ። አንድ ቃል ነው። ያኔ መቃብሩ ላይ የተናገርኩት ከዚህ ይረዝማል፣ እሱን ለመናገር ግን አልተቸገርኩም።

ቀጣዩ እሑድ ኤፕሪል 27 ነው። የምትጠይቀኝ ነገር የላትም። መብራቱን ነቅዬ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።